የጋሽ ይፍሩ አንካሳ ካዕብ

የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበርን። ሊቀ መንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ከላይ የመጣው ሰው፣ ስሙን ያልነገሩን፣ በስተቀኝ መስኮቱ ሥር ቆሟል፤ የቆዳ ጃኬቱን አላወለቀም። የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቶ የበሩን መቃን ተደግፏል። የጽሕፈት መኪና ያላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች መኪኖቻቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው በግራው ግድግዳ በኩል ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጋሽ ይፍሩ መሀል ወለሉ ላይ፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እኔ ከጠረጴዛው ጫፍ ነኝ፤ ፊቴ ሁለት ወረቀት ተዘርግቷል። ሚስታቸው እትዬ አስካለ እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስለ ቀረ የነጠላቸው ጥለት ከደፉ ላይ ይታያል። የጋሽ ይፍሩ የጽሕፈት መኪና ጠረጴዛው ላይ ነበረች። አዳራሹ ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ስለ ነበር ከተወረሰ በኋላም የገብስ ሽታው አልለቀቀውም። ከነዚያ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጠመንጃ ያነገተው ልጅ ይኑር አይኑር አላውቅም።

ይህን ያስታወሰኝ ኮምፒዩተር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤውንና የመዋጮውን ማሳሰቢያ የምጽፍበት፣ የእህቴ ልጅ ሜሮን ስትጠቀምበት ቆይታ የሰጠችኝ አሮጌ ኮምፒዩተር ሳሎኑ ጥግ ላይ አለ። ሰሞኑን በጣም ዘገየብኝ። አንድ ደብዳቤ ልክፈት ብዬ ከነካሁት በኋላ ሽሮዬን ጥጄ ስመለስ ገና እያሰበ አገኘዋለሁ። ሜሮን እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣችና ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«እቴቴ፣ ይኼ እኮ ደኅና ነው፤ ቆሽሾ ነው እንጂ» አለችኝ።

«በየቀኑ እወለውለዋለሁ።»

«ውጪውን ነዋ።»

ከዚያ ከቦርሳዋ አንዲት ጣት የምታክል ዕቃ አውጥታ ሰካችበት። አንዱ ፕሮግራም በዓመታት የተጠራቀመውን ጥራጊ የሚጠርግ ነው፤ አንዱ ቫይረስ የሚፈልግ፤ አንዱ ደግሞ በየቦታው የተበተነውን ነገር ሰብስቦ በየመልኩ የሚያስቀምጥ። ሌላም አለ፤ ማሽኑ ሲበራ ማንም ሳይጠራቸው አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች እየለየ የሚያስተኛ። እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ታስረዳኛለች። ስንት እንደምትከፍልባቸው ጠየቅኋት።

«ምንም። ሁሉም በነፃ ነው።»

«ማነው የሚሰጠው?»

«የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ይሠሩትና ይለቁታል፤ የፈለገ ይወስዳል።»

«ማን ፈቅዶላቸው?»

ሳቀች። «እቴቴ ደግሞ፤ ማሻሻል ምን ፈቃድ ይፈልጋል?»

ወዲያው መስታወቱ ላይ አንድ ጽሑፍ መጣ። ምን እንደሚል ጠየቅኋት። ምንም ነገር ከመንካቱ በፊት ማሽኑ አሁን ያለበትን ሁኔታ መዝግቦ ያስቀምጥ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው አለችኝ። «ከተጠገነ በኋላ የማይስማማሽ ነገር ከመጣ አንድ ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ ወደ ነበረበት ይመልስልሻል።»

«እንደ ነበረ?»

«ልክ እንደ ነበረ። ከነጉድለቱ።»

ተነሥቼ ማድ ቤት ገባሁ። ምን ሆንሽ ብላ ስትጣራ ውሃ ጥጄ ነው አልኳት። አልጣድኩም ነበር።

የጋሽ ይፍሩ ቤት ከጠባሴ ወደ ከተማው ሲወረድ፣ አስፋልቱን ትቶ በስተግራ በሚታጠፈው የኮረት መንገድ ላይ ነበር። ድንጋይ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በረንዳው ላይ ለባለ ጉዳይ የተዘረጋ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ጋሽ ይፍሩ የአንኮበር ሰው ናቸው፣ የካህናት ልጅ። ቤተሰቡ ለክህነት ሲያስባቸው እሳቸው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኑ፤ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውረው እስከ ጡረታቸው ሠሩ። መኪናዋን የገዟት ፍርድ ቤቱ አሮጌ ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ነው። ጡረታ ሲወጡ በረንዳቸው ላይ የጠረጴዛ ልብስ አልብሰው አስቀመጧትና ማመልከቻ ይጽፉባት ጀመር። የድንበር ክርክር፣ የቀለብ፣ የልጅ አሳዳጊነት። ባለ ጉዳዩ ገንዘብ ከሌለው እንቁላል ያመጣል፤ እንቁላሉም ከሌለው ተመርቆ ይሄዳል።

ያን ጊዜ እንቁላል በስሙኒ አምስት ይገዛ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ላይ ጥሩ ሙክት በሠላሳ ብር ይወጣል፤ ከመዘዞ የሚመጡት በጎች ጠጉራቸው ወፍራም ስለሆነ ሴቶች ሥጋውን ሳይሆን ጠጉሩን እየዳበሱ ነበር የሚከራከሩ። ሽማግሌዎች ጥቁር በርኖስ ይለብሳሉ። እኛ የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶች ከቻልን የቴትሮን ጉርድ፣ ካልቻልን የእናታችንን አሮጌ ቀሚስ ቆርጠን። ወንዶቹ ከታች ሰፊ የሆነውን ሱሪያቸውን ጠባሴ መታጠፊያ ላይ ቆመው ሲያሳዩ ይውሉ ነበር፤ ኋላ ሁሉም ካኪ ሆነ። መታጠፊያው ላይ የነበረው ሻይ ቤት ግራሞፎኑን ወደ መንገዱ አዙሮ የፍቅር ዘፈን ይለቅ ነበር፤ ኋላ ግራሞፎኑ ዝም አለና ከቀበሌው አዳራሽ የኪነት ቡድኑ ልምምድ ብቻ የሚሰማ ሆነ። አሥር ጊዜ አንዱን መዝሙር። ዛሬ በዚያ መታጠፊያ ባጃጆች ይሰለፋሉ፤ ግራሞፎኑን የሚያስታውስ ሰው ጠይቄ አላገኘሁም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ለእናቴ ማመልከቻ ለማስጻፍ ሄጄ ጋሽ ይፍሩ ጣቶቼን አዩ። «ረጃጅም ናቸው፤ ለዚህች ይሆናሉ» አሉና መኪናዋን አሳዩኝ። ሁለት ዓመት አስተማሩኝ። ከትምህርት ቤት መልስ ስመጣ ባለ ጉዳይ ከሌለ ወንበሩን ይለቁልኛል፤ እትዬ አስካለ ሻሻቸውን ከራሳቸው አውልቀው እጄ ላይ ይዘረጉታል፣ ቁልፎቹን እንዳላይ። በሻሹ ሥር ነው የተማርኩት። አንድ ጊዜ እናቴ ለውለታቸው አንድ ኪሎ ቅቤ ላከችላቸው። ግማሹን መልሰው ላኩ። «ለእጅ ማሟሻ ይበቃል» አሉ።

መኪናዋ ሁለት ጉድለት ነበረባት። ኮምፒዩተር ላይ ላደጉት ላስረዳ፤ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሁሉም ፊደል የራሱ ቁልፍ የለውም። ሉ ለመጻፍ ለን ትመታለህ፤ ከዚያ የካዕቡን ጭረት ለብቻው ጎኑ ላይ ትጨምራለህ። የጋሽ ይፍሩ መኪና ካዕብ ጭረት ዝቅ ብላና ከፊደሉ ርቃ ነበር የምታርፈው። ሉ ሆነ ቡ፣ ሱ ሆነ ቱ፣ ሁሉም ያነክሳሉ። ሁለተኛው ጉድለት የመ ዓይኖች ነው፤ ቀለም ጠጥተው ስለ ደረቁ ሁለት ጥቁር ነጥብ ሆነው ይወጣሉ። ሪባን ከአዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም፤ ሦስት ብር ከሃምሳ ነው። ጋሽ ይፍሩ ሲያልቅባቸው ገልብጠው ይጠቀሙበታል፤ ደግሞ ሲያልቅ ጥቂት ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገውበት ጠቅልለው ያሳድሩታል። ለዚህ ነው የመ ዓይን የተደፈነው።

የመኪናዋን አንካሳነት ያልለመደ አልነበረም። ከአልዩ አምባ በርበሬ ይዘው የሚመጡ አንድ ነጋዴ ነበሩ፤ የቀረጥ ማመልከቻ በመጡ ቁጥር ያስጽፋሉ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው ያዩና፦

«ይፍሩ፣ ወላሂ ይቺ ካዕብህ እንደ በቅሎዬ ታነክሳለች።»

«ዳኛው ዘንድ ግን ትደርሳለች።»

«ኢንሻ አላህ። በቅሎዬም ገበያ ትደርሳለች፤ ሰዉ ከተበተነ በኋላ።»

ዳኞቹም ያውቋት ነበር። ማመልከቻው ገና ሲዘረጋ፣ ሳይነበብ፣ ይኼ የይፍሩ ነው ይላሉ አሉ። ጋሽ ይፍሩ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ የጽሕፈት መኪና ያለው ሁሉ ያስመዝግብ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። መንግሥትን የሚቃወም ወረቀት መበተን የበዛበት ጊዜ ነው። ባለ መኪናው ቀበሌ ሄዶ ሊቀ መንበሩ ፊት ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይጽፋል፤ ሦስት ቅጂ፤ ሥሩ ስሙንና የመኪናውን ቁጥር አስፍሮ ይፈርማል። እያንዳንዱ መኪና የራሱ አመል ስላለው፣ የተበተነ ወረቀት ሲገኝ ከናሙናው ጋር ይመሳከራል። ጋሽ ይፍሩ ያንን ቀን ተመልሰው ሲመጡ፣ «በስድሳ ዓመቴ እንደ ገና ፊደል ቆጠርኩላቸው» አሉ። እትዬ አስካለ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አዲስ አበባ ስድስት ወር የጽሕፈት ሥልጠና ወሰድኩና እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ስቀጠር ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያለ ማንኛውንም የጽሕፈት መኪና ላለመንካት ፈርሜአለሁ። በየስድስት ወሩ ከአዲስ አበባ አንድ ጠጋኝ እየመጣ መኪኖቻችንን ያይ ነበር፤ ሥራውን አጠገቡ ቆሜ ስለማይ አስተማረኝ። ቤንዚን በጥርስ ብሩሽ። የተደፈነውን በመርፌ። የስፌት መኪና ዘይት፣ ከጠብታ የማይበልጥ። ፊደሉን የተሸከመው ቀጭን ክንድ ከጎበጠ በፒንሳ ይያዛል፤ በጉልበት ሳይሆን በትንፋሽ ነው የሚቃናው ይል ነበር። ኋላ ኋላ እሱ ሲዘገይ እኔው እጠግናቸው ጀመር፤ አለቃዬም ወደደው።

አንድ እሑድ ፒንሳውን፣ ካቻቪቴውን፣ ዘይቱንና ጥቂት ብሎኖች ከመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ አውጥቼ ወደ ጋሽ ይፍሩ ቤት ሄድኩ። የሁለት ዓመት ትምህርት በሌላ የምከፍልበት አልነበረኝም። ገንዘብ እንደማይቀበሉ አውቃለሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ተያት ዘኔ። እኔ ለምጃታለሁ።»

«ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት አይፈጅም።»

«ማመልከቻው የኔ መሆኑ የሚታወቀው በሷ አይደል?»

«አሁንማ የኔም አስተማሪ መሆንዎ በሷ ነው የሚታወቀው» አልኳቸው። «ተማሪዋ እያለች መኪናዋ ታነክሳለች ይሉናል።»

እትዬ አስካለ ከውስጥ ሆነው፣ «ተዋት ትሥራ እንግዲህ፤ ሰው በነፃ ሲያክምህ ደግሞ ትግደረደራለህ» አሉ። ጋሽ ይፍሩ እጃቸውን አንሥተው ወንበሩን ለቀቁልኝ።

ሦስት ሰዓት ፈጀ። ዱሮ እኔ በተማርኩበት ሻሽ ቁልፎቹን ጠረግሁ። የመ ዓይኖችን በመርፌ ከፈትኩ። የካዕቡን ክንድ በፒንሳ ይዤ ትንፋሼን ውጬ አቃናሁት። ኋላዋ ላይ ቁጥሯ የተጻፈባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነበረች፤ ሥሯ አቧራና ዝገት ስለነበረ ፈትቼ አነሣኋትና አጽድቼ መለስኳት። ሁለቱ ብሎኖች ዝገው ስለተበሉ ከመሥሪያ ቤት ባመጣኋቸው አዳዲሶች አሰርኳት። ያን ማንም አላዘዘኝም። ሥራ ከጀመርኩ ጥርት እስኪል አልተውም፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ።

ጋሽ ይፍሩ ወረቀት አስገብተው «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» ብለው ጻፉ። ቡ ቀጥ ብላ ቆማለች። ቱ ቀጥ ብላለች። ወረቀቱን አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሰው የጻፈው አይመስልም» አሉ። ቀጥለው፣ «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ።

በዚያ ዘመን ደስ ያለኝን ቀናት ለዪ ብባል ያ እሑድ አንዱ ነው። ሦስታችንም ስለ ናሙናው አላሰብንም። በቀበሌው መዝገብ ውስጥ አንካሳውን ካዕብና ዓይነ ስውሩን መ ይዞ ተቀምጦ ነበር። እኔ በሙያዬ ጸሐፊ ነኝ፤ ወረቀት ፋይል ማድረግ ሥራዬ ነው፤ ፋይል የተደረገ ወረቀት እንደሚወጣም ከማንም ይልቅ ማወቅ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጧት አውቶቡስ ማቆሚያው አጥር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ተገኘ። በማባዣ የተባዛ ስለሆነ ደብዝዟል፤ ከየትኛው መኪና እንደ ወጣ ራሱ ጠጋኙ ቢመጣ አይለየውም። ስለዚህ መኪናውን የለወጠ ወይም የደበቀ ካለ እንዲለይ የተመዘገቡት መኪኖች ሁሉ ቀርበው እንደ ገና እንዲጽፉና ከድሮው ናሙናቸው ጋር እንዲተያዩ ታዘዘ። ይህን የነገረኝ አለቃዬ ነው። «ነገ ቀበሌ ትፈለጊያለሽ፤ ባለሙያ ላኩ ብለዋል፤ ወረቀት ታመሳክሪያለሽ» አለኝ። እየጻፍኩ ነበር። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንደ ቀረ ትዝ ይለኛል።

ምሳ ሰዓት ላይ ፒንሳውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ጠባሴ ሮጥኩ። ክንዱን መልሼ ላጎብጠው ነበር። የመ ዓይንን በሻማ ልደፍነው። ልክ እንደ ነበረ ማድረግ እችል እንደሆነ እንጃ፤ ያኔ ግን እችላለሁ ብዬ ነበር የሮጥኩት። እትዬ አስካለ አጥሩ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«አሁን ወሰዷት» አሉኝ። «ይፍሩም ተሸክሟት አብሯቸው ሄደ። ነገ ነው የሚጻፍባት፤ እዚያው ታድራለች አሉ።»

ቦርሳዬን ወደ ብብቴ ሳብኩ።

«ደግነቱ አንቺ አጽድተሽልናል» አሉ። «ሰው ፊት አታሳፍርም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገረው። ጋሽ ይፍሩ ከአዳራሹ ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። መኪናዋ በማስረጃነት ቀበሌው ዘንድ ቀረች። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከከተማው መኪኖች ሁሉ አጥርታ የምትጽፍ እሷ መሆኗን ሊቀ መንበሩ ራሱ አወቀና የቀበሌውን ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ እንድሆን መሥሪያ ቤቴን ጠየቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ጻፍኩባት። የስብሰባ ጥሪ፣ የስኳርና የጨው ተራ፣ የዘመቻ። ያቃናኋት ካዕብ አንድ ቀን አልተዛነፈችም። በየግድግዳው ስትለጠፍ አያታለሁ። እትዬ አስካለም ያነቧት ነበር፤ የስኳር ተራ ያለባትን።

ጋሽ ይፍሩ ሲመለሱ፣ ሲሄዱ የተወለዱ ሕፃናት ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። በረንዳው ላይ አልተቀመጡም። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ የኮረቱ መንገድ ላይ ተገናኘን። ኮፍያቸውን አነሡ፣ ለማንም እንደሚያደርጉት። እኔም ደኅና ዋሉ አልኳቸው።

«ዘኔ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ደኅና ናት ጋሼ።»

«ዘይት አይቅርባት።»

«እሺ።»

ይኸው ነው። በሦስተኛው ዓመት ሞቱ፤ ቀብር ሄጃለሁ፤ ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ። እትዬ አስካለ አንኮበር ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። ማን እንደ ነገራቸው፣ ምን እንደሚያውቁ አልጠየቅሁም። ወረቀቱን የለጠፈው ሰው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ጋሽ ይፍሩ እንዳልሆኑ ግን በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ኮምፒዩተሩ አሁን ይፈጥናል። ሜሮን ስትሄድ የነበረበትን ሁኔታ መዝግባ ያስቀመጠችበትን ቦታ በጣቷ አሳይታኛለች፤ ምናልባት ብትፈልጊው ብላ። ደብዳቤ ለመጻፍ ስቀመጥ ዓይኔ ወደዚያ ይሄዳል። ምክንያት ነበረኝ ብዬ ልጽፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። እናቴ የምትኖረው በደመወዜ ነው፤ መኪና ላለመንካት ፈርሜአለሁ፤ ብሎኖቹ የመንግሥት ናቸው፤ ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነው። ምክንያት ያልነበረው ሰው በዚያ ዘመን አላጋጠመኝም። ሊቀ መንበሩም ምክንያት ነበረው።

ወደ አዳራሹ ልመለስ።

ጋሽ ይፍሩ ፊደሉን ጽፈው ጨርሰው ወደ መሀል ተመልሰዋል። አዲሱንና የድሮውን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። ማየት አያስፈልገኝም ነበር። ከላይ የመጣው ሰው፣ «ይመሳሰላሉ?» አለኝ።

«አይመሳሰሉም» አልኩ።

ሰውየው ወደ ጠረጴዛው መጣ። መኪናዋን አዙሮ የቁጥሯን ሰሌዳ አየ። ብሎኖቹን በጥፍሩ ነካካቸው። «መኪናው አሮጌ፣ ብሎኖቹ አዲስ» አለ። «ሰሌዳውን ከተመዘገበው መኪና ነቅለህ እዚህኛው ላይ ሰክተሃል። የተመዘገበውን ለማን ሰጠኸው?»

«መኪናዋ ያችው ናት» አሉ ጋሽ ይፍሩ።

«አንካሳው ካዕብ የት ሄደ?»

«ተቃና።»

«ማን አቃናው?»

አልተመለከቱኝም። የኮፍያቸውን ጠርዝ እያዞሩ፣ «እኔው ራሴ ነኝ» አሉ።

«በምን?»

«በቢላ።»

ጥበቃው ሳቀ። ሊቀ መንበሩም ፈገግ አለ። ከላይ የመጣው ሰው አልሳቀም፤ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓዲት ዘነበች፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ። ይኼ በቢላ ይሠራል?»

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። ፒንሳው ከትናንት ጀምሮ ውስጡ ነው፤ ክብደቱ ይሰማኛል። ጋሽ ይፍሩ ኮፍያቸውን ማዞር አቆሙ።

«አይሠራም» አልኩ።

«ታዲያ ይኼን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ማነው?»

«ጠጋኝ ነው።»

«እዚህ ከተማ ውስጥ ጠጋኝ አለ?»

«የለም። ጠጋኙ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው።»

ይህ እውነት ነው። ሰውየው ሊቀ መንበሩን አየውና «ግንኙነቱ ከአዲስ አበባ ነው» አለ፤ ሊቀ መንበሩ ጻፈው። የጻፈበትን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ፤ ስሜ ባለበት ቦታ ፈረምኩ። ጋሽ ይፍሩ አሁን ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። አንድ ስሕተት የሠራሁ ጊዜ እንደሚያዩኝ፣ ሻሹን ከእጄ ላይ አንሥተው፣ እንደ ገና በይ ሊሉኝ እንደሚያዩኝ ነበር ያዩኝ።

«ጨርሰሻል፤ መሄድ ትችያለሽ» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

ነጠላዬን አጣፋሁ። ቦርሳዬን ብብቴ ሥር ያዝኩ። ጥበቃው በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተልኝ፤ እትዬ አስካለ መንገድ ሊለቁልኝ ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ። ወጣሁ።